የድሮው የጃፓን ሬስሊንግ ወይስ የዛሬው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ጃፓን ሬስሊንግ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የጃፓን ስም ሲደራረብባችሁ አትሰልቹ። ሚሳዋ እና ካዋዳ የሚሉትን ሁለት ስሞች ከያዛችሁ ሌላው ቀስ እያለ ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነው። ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚመስጥህ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ይወሰናል። ዱላው ግን ዱላ ነው። ጁላይ 18 ቀን 2005 ቶኪዮ ዶም ውስጥ ኬንታ ኮባሺ ከኬንሱኬ ሳሳኪ ጋር ተጋጠመ። ፊት ለፊት ቆሙና በእጃቸው ጠርዝ ደረት ደረታቸውን ይመታቱ ጀመር። አንዱ ሲመታ ሌላው ደረቱን ነፍቶ ይቀበላል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። ይህ ለደቂቃዎች ቀጠለ። ደረታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ቆይቶ በለዘ። አሸናፊው ቀድሞ መታወቁ ያንን ቆዳ አያድነውም። እኔን የሚመስጠኝ እንዲህ እየታመሙ አንድን ታሪክ ያለ ቃል መናገራቸው ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ያደግነው የአሜሪካኑን እያየን ነው። የጃፓኑ በምን ይለያል?

መልስ፦ ዋናው ልዩነት ወሬው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጸቡ የሚገነባው በማይክሮፎን ነው፤ ሬስለሩ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ይዝታል። ጃፓን ውስጥ ጸቡ የሚገነባው በግጥሚያው ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት የተጎዳ ጉልበት ዘንድሮ ይመታል። ባለፈው የሸወደህን ሰው ዘንድሮ ጠብቀህ ትይዘዋለህ። ደንቡም ትንሽ ይለያል፤ ከሪንግ ውጭ የወጣ ሰው አሜሪካ እስከ 10 ሲቆጠርለት እንደ ኒው ጃፓን ባሉ የጃፓን ድርጅቶች እስከ 20 ነው።

አስተዳደጋቸውም ሌላ ነው። ጀማሪው ማሠልጠኛ ቤት ይገባል፣ እዚያው ያድራል። ያበስላል፣ ያጸዳል፣ የታላላቆቹን ልብስ ያጥባል፣ ቁጭ ብድግ እስኪዝል ይሠራል። ወደ ሪንግ ሲወጣም ጥቁር ቁምጣና ጥቁር ቡት ብቻ ነው የሚለብሰው። ያማረ ምት አይፈቀድለትም። ጥቂት መሠረታዊ ነገሮችን ይዞ ተመልካች እንዲያስጮህ ይገደዳል። ይህን ያለፈ ሰው በኋላ ላይ አንድ ክንድ ብቻ ይዞ አሥር ደቂቃ ሊያስቀምጥህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማን ነው የጀመረው?

መልስ፦ ሪኪዶዛን በሉት። ኮሪያ የተወለደ፣ መጀመሪያ የሱሞ ተፋላሚ የነበረ ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 1954 ከጁዶው ሰው ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ተጣምሮ ሻርፕ የሚባሉትን ወንድማማቾች ገጠመ። ቴሌቪዥን ገና ብርቅ ነበር፤ ሕዝቡ አደባባይ በተሰቀሉ ቴሌቪዥኖች ሥር ተጨናንቆ አየው። በጦርነት የተሸነፈ ሕዝብ የእኔ የሚለው ሰው ግዙፍ ነጮችን በመዳፉ ሲጥል ሲያይ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ኮሪያዊነቱ ግን ከሕዝብ ተደብቆ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በዲሴምበር 1963 አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ። ተማሪዎቹ ጃየንት ባባ እና አንቶኒዮ ኢኖኪ በ1972 ተለያይተው ሁለቱን ትልልቅ ድርጅቶች መሠረቱ፤ ባባ ኦል ጃፓንን፣ ኢኖኪ ኒው ጃፓንን።

ጥያቄ፦ ኢኖኪ ከመሐመድ አሊ ጋር የተጋጠመውስ?

መልስ፦ ጁን 26 ቀን 1976፣ ቶኪዮ። 15 ዙር፣ አቻ። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲረግጥ ነበር። የአሊ እግር ክፉኛ አብጦ ሆስፒታል አስገብቶታል። ለታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ለማየት ግን አሰልቺ ነው። እንዳትጀምሩበት።

ጥያቄ፦ በቃ ቁርጡን ንገረን። የድሮው ወይስ የዛሬው?

መልስ፦ የድሮው። ከድሮውም ከ1990 እስከ 1998 ያለው የኦል ጃፓን። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳ።

በ1990 የባባ ድርጅት ችግር ላይ ወደቀ። ትልቁ ኮከብ ጌኒቺሮ ቴንሪዩ ብዙ ሰው አስከትሎ ወጣ። ቦታውን የሚሞላ ሰው አስፈለገ። ሚትሱሃሩ ሚሳዋ ያኔ የነብር ጭምብል አድርጎ ነበር የሚጫወተው። ሜይ 14 ቀን፣ ግጥሚያ መሃል ላይ፣ ወደ አጣማሪው ዞረና የጭምብሉን ማሰሪያ ፍታልኝ አለው። የፈታለት ቶሺያኪ ካዋዳ ነው። ሁለቱ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ካዋዳ በአንድ ዓመት ያንሳል። ሚሳዋ ፊቱን ገልጦ ጭምብሉን ወደ ሕዝቡ ወረወረው።

ወር ሳይሞላ፣ ጁን 8 ቀን፣ ይኸው ሚሳዋ ጃምቦ ትሱሩታን አሸነፈ። ትሱሩታ በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ አገሩን ወክሎ የታገለ፣ የድርጅቱም ዋና ምሰሶ ነበር። ቦታው ቡዶካን ነው። በነገራችን ላይ ቡዶካን የተሠራው ለ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የጁዶ ውድድር ነው። ያው የእኛ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ማሰሪያውን የፈታው ልጅ ታላቁን የማሸነፍ ረሃብ ያዘው። በ1992 ለድርጅቱ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ተጋጠሙ፤ ካዋዳ ተሸነፈ። ጁን 3 ቀን 1994 እንደገና ሞከረ። ብዙ ሰው የምንጊዜም ምርጥ የሚለው ግጥሚያ ይኸኛው ነው። ካዋዳ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም፤ ሚሳዋን አንገዳግዶታል። በመጨረሻ ሚሳዋ የተቃራኒውን ሁለት እጅ ከኋላ ቆልፎ በአንገቱ የሚተክል፣ በጣም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያወጣውን ምት አወጣ። እጅ ስለሚታሰር አወዳደቅን ማሳመር አይቻልም። አዳራሹ ምቱን ሲያይ የጮኸው ጩኸት ፍርሃት ጭምር ነበረበት። የካዋዳ ትከሻ ምንጣፉ ላይ እንዳለ ሦስት ተቆጠረ፤ ሽንፈት ማለት ነው።

ጁን 9 ቀን 1995 ደግሞ ሁለት ለሁለት ሆኑ። ሚሳዋና ኮባሺ ባንድ ወገን፣ ካዋዳና አኪራ ታዌ በሌላው። ኮባሺ እግሩን ታሞ ነው የገባው፤ ፋሻው ይታያል። እነካዋዳ ያንን እግር አልለቀቁትም። መጨረሻ ላይ መቆም ያቃተው ኮባሺ እየተሳበ ሄዶ ሚሳዋ ላይ ተኛበት፣ በገላው ሸፈነው። እየረገጡም አልነሳ አላቸው። ጎትተው አንስተውት ካዋዳ ሚሳዋን መሬት አስያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ! ያም ቢሆን ግን በጥንድ ነው። ለቀበቶው ብቻ ለብቻ ተጋጥሞ ያሸነፈው ሜይ 1 ቀን 1998 ነው፣ ቶኪዮ ዶም ውስጥ።

ስምንት ዓመት። ዛሬ ለአንድ ድል ተመልካቹን ስምንት ዓመት የሚያስጠብቅ ድርጅት አንድ ጥሩልኝ። የድሮውን የምወደው ለዚህ ትዕግሥት ነው። አንድ የክርን ምት እንኳ የትናንቱን ተሸክሞ ነበር የሚያርፈው።

ጥያቄ፦ ኦካዳና ኦሜጋን ረሳሃቸው እንዴ? እነሱን ማን ይወዳደራል?

መልስ፦ አልረሳሁም፤ አክብሬ ነው የማያቸው። የኒው ጃፓን ኮከቦች የነበሩት ካዙቺካ ኦካዳና ኬኒ ኦሜጋ በ2017 እና በ2018 አራት ጊዜ ተጋጠሙ። በጃንዋሪ 2017 ከ46 ደቂቃ በላይ ፈጀባቸው። በጁን 60 ደቂቃ ሞልቶ አቻ ወጡ። በኦገስት ኦሜጋ አሸነፈ። በጁን 2018 ከሦስት ሁለቱን ያሸነፈ ይወስዳል በሚል ደንብ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጋጥመው ኦሜጋ ቀበቶውን ወሰደ። ጋዜጠኛው ዴቭ ሜልትዘር ከአምስት ኮከብ በሚሰጥበት ሚዛኑ ለዚህኛው ሰባት ሰጠው።

ግን ልብ ብለህ እየው። ኦሜጋ ዋን ዊንግድ ኤንጅል የሚባል የማጠናቀቂያ ምት አለው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ደጋግሞ ሞከረ፣ አልተሳካለትም። በሁለተኛው ተሳካ፤ ኦካዳ ግን እግሩን ገመዱ ላይ ጣል አድርጎ ዳነ፤ ገመድ ከተነካ ቆጠራው ይቋረጣል። ተመልካቹ እየጠበቀ፣ እየጓጓ ሄደ። ይህ የድሮው ዘዴ ነው። እነዚህ ግጥሚያዎች ያማሩት ስለረዘሙ ወይም ስለፈጠኑ አይደለም። ጠብቀው ስለሰጡ ነው።

የዛሬው ችግሬ ከዚያ በታች ያለው ነው። በየሳምንቱ በሚተላለፍ ተራ ግጥሚያ አንዱ ሌላውን በጭንቅላቱ ይተክለዋል፤ የተተከለው ሁለት ሲቆጠር ትከሻውን ያነሳል፣ ወዲያው ተነስቶ ይሮጣል። ያ ምት ሞተ። ነገ እውነተኛ ኮከብ ሲመታው ማንም አያምነውም። ልጆቹ ብቃት አላቸው፤ በአካል ከድሮዎቹ ይበልጣሉ ብል አላጋነንኩም። የጎደለው ቁጥብነት ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የምታሞግሰው አጨዋወት ሚሳዋን ራሱን አልገደለውም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይከብዳል። አዎ። ሚሳዋ በ2000 ኦል ጃፓንን ለቆ ኖአህ የሚባል ድርጅት መሠረተ፤ አብዛኛው ሬስለር ተከተለው፣ ካዋዳ ግን ቀረ። ሚሳዋ አንገቱ ለዓመታት ተጎድቶ ነበር፤ አለቃም ሆኖ መጫወቱን አላቆመም። ጁን 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ውስጥ አኪቶሺ ሳይቶ ወደ ኋላ አንስቶ ጣለው። ሳይቶ ጥፋት አልሠራም፤ ሺህ ጊዜ የሚሠራ የተለመደ አጣጣል ነው። ሚሳዋ አልተነሳም፣ ያኑ ቀን ማታ ሞተ። 46 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ በአንገት መተከልን አላሞግስም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በየጊዜው የባሰ አወዳደቅ ካልታየ አዳራሹ አይነሳም ነበር፤ ለዚህ ደግሞ የተመልካቹም እጅ አለበት። የዛሬው ይሻላል እንዳልል ግን ካትሱዮሪ ሺባታ አለ። በኤፕሪል 2017 ኦካዳን በግንባሩ መታው፤ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ፣ ግንባሩ ደማ። ከግጥሚያው በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከድሮው ትዕግሥቱን እንውሰድ፣ አንገት ላይ መጣሉን እንተው። ኮባሺ ሚሳዋ ላይ ሲተኛበት ማንም በጭንቅላቱ አልተተከለም፤ አዳራሹ ግን አለቀሰ።

ጥያቄ፦ ሴቶቹስ?

መልስ፦ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ሁልጊዜ ይረሳሉ። በ1980ዎቹ ቺጉሳ ናጋዮና ላዮነስ አሱካ ለጃፓን ልጃገረዶች የፖፕ ኮከብ ያህል ነበሩ። ኦገስት 28 ቀን 1985 ኦሳካ ውስጥ ናጋዮ ከጨካኟ ዳምፕ ማትሱሞቶ ጋር ተጋጠመች፤ የተሸነፈ ፀጉሩን ይላጫል። ናጋዮ ተሸነፈች። ሪንግ መሃል ስትላጭ አዳራሹን የሞሉት ልጃገረዶች ያለቀሱትን ለቅሶ ያየ ሰው፣ ይህ ውሸት ነው ብሎ መከራከር ይተዋል። ከእነሱ በኋላ የመጣችው ቡል ናካኖ በ2024 የአሜሪካው ድርጅት የደብልዩ ደብልዩ ኢ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብታለች። ከዛሬዎቹ ኢዮ ስካይን እይ። በሴቶቹ በኩል የዛሬውና የድሮው ልዩነት ጠባብ ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የጃፓን ተመልካች ለምን ዝም ይላል? አይደሰትም እንዴ?

መልስ፦ ዝም የሚለው እያየ ስለሆነ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ኮራኩዌን የሚባል ትንሽ አዳራሽ አለ፤ እዚያ የተቀዳ ግጥሚያ ፈልግ። መጀመሪያ የጫማ ድምፅ ይሰማሃል። ነገሩ ሲግል ደግሞ ሕዝቡ ወለሉን በእግሩ መደብደብ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ እርስዎን ልጠይቅ፤ የ12 ዓመት ልጄ ከታናሹ ጋር ቤት ውስጥ እየተወራወረ ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ አባቴ፣ ዛሬውኑ ያስቁሙት። የሚያያቸው ሰዎች ከምንም በፊት ወራት ሙሉ የሚማሩት መውደቅ ነው፤ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ ክንድ ዘርግቶ ምንጣፉን መምታት። እንዲያም ሆኖ ይጎዳሉ። ጉጉቱ ካለው ጁዶ የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጉለት።

ጥያቄ፦ ኮከቦቹ ሁሉ አሜሪካ ገቡ። የጃፓኑ አበቃለት?

መልስ፦ አላበቃለትም፤ ቆስሏል። ሺንስኬ ናካሙራ በ2016፣ ኦሜጋ በ2019፣ ኦካዳና ዊል ኦስፕሬ በ2024 ሄዱ። ገንዘቡ እዚያ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ጉዳቱ ግን እላይ ያልኩት ላይ ነው። ካዋዳ በ1995 አሜሪካ ቢገባ ኖሮ 1998 የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሰው ካልቆየ ረጅም ታሪክ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አንድም አይቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጁን 8 1990፣ ሚሳዋ ከትሱሩታ። ለመረዳት ምንም አይጠይቅም፤ ወጣቱ ትልቁን ይገጥማል፣ በቃ። ቀጥሎ የጁን 1995ቱን ሁለት ለሁለት እይ። የ1994ቱን ለሦስተኛ አቆየው፤ ሰዎቹን ሳታውቅ ካየኸው ግማሹ ያመልጥሃል። ከዚያ ወደ ዛሬው ና፣ የኦካዳንና የኦሜጋን በተርታ እይ። ሁሉንም ባንድ ቀን አትጨርሰው። በየግጥሚያው መሃል ሁለት ሦስት ቀን ተው፣ ስልክህንም ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ዝግ ያሉ ናቸው፣ የኋላው ሁሉ የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው። አይተህ ስትጨርስ የዛሬው ይበልጣል ካልክ ጻፍልኝ፤ በደስታ እከራከርሃለሁ።