በሬው የተሸጠው ለምን ነበር?

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ በአካውንቲንግ ተመርቀህ ቢቸና ያለ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለሥራ ጠርቶሃል። አንተ ደግሞ የሼክስፒርን ተውኔት ኦቴሎን ወደ ዛሬዋ ማርቆስ አምጥተህ የፊልም ጽሑፍ ጀምረሃል። አባትህ «በሬዬን ሸጬ ያስተማርኩህ ልትከዳኝ ነው?» ቢሉህ፣ እንዲረጋጉ ብለህ «ለማስተርስ ተመዝግቤያለሁ» አልካቸው።

ደብዳቤህን ሳነብ እዚህ ላይ ቆምኩ። የተውኔቱ ከዳተኛ ኢያጎ አለቃውን ኦቴሎን ጥሎ አልሄደም። አጠገቡ ሆኖ፣ «ታማኙ ኢያጎ» እየተባለ ነው ያጠፋው። ሌላ ሙያ መምረጥህ ክህደት አይደለም። በሬው የተሸጠው ልትማር ነው፤ ተምረሃል። ዕድሜህን አልገዙበትም፤ ይህን ለአባትህም ፊት ለፊት እላቸዋለሁ። ያልተመዘገብክበትን ማስተርስ እየተረክ አጠገባቸው መቀመጥህ ግን ክህደት ነው።

ቢቸና ግባ። እኔ ቡሬ ሰባት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር የሬዲዮ ድራማ የምጽፈው ማታ፣ ደብተር አርሜ ስጨርስ ነበር። ደመወዝ ያለው ሰው ጽሑፉን ተቻኩሎ አይሸጥም። ደግሞም የላክህልኝ ገጾች ላይ ያንተ ኢያጎ ያለ ምክንያት ክፉ ነው። የጥንቱ ኢያጎ ግን ሹመቱ ለካሲዮ ሲሰጥ የተዘለለ ወታደር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢሮ ውስጥ ታገኘዋለህ። ኃላፊነት ያመለጠው ባልደረባዬ በማግስቱ የተሾመውን ሰው ወንበር በእጅጌው ሲጠርግለት አይቻለሁ። ፈገግ ብሎ ነበር።

ታሪኩን ወደ ዘመናችን ማምጣት ማለት ልብስና ስልክ መቀየር ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የህንዱ ፊልም «ኦምካራ» ኦቴሎን ሰሜን ህንድ ወስዶ የፖለቲከኛ ጉልበተኞች አለቃ አደረገው፤ ኢያጎ ኦቴሎን በሚስቱ ላይ ያስቀናበትን መሀረብም ከቤተሰብ የወረደ የወገብ ጌጥ አደረገው። አንተ ግን መሀረቡን እንዳለ ትተኸዋል። ማርቆስ ላይ በመሀረብ ማን ይቀናል? የእናቱ ድሪ ሌላ ሴት አንገት ላይ ቢታይስ?

እንግሊዝኛህ አያስጨንቅህ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን አንብብ። አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰብከውን ለአንድ ዓመት አቆየው።

ቅዳሜ አገር ቤት ውረድ። መጀመሪያ የማስተርሱን ውሸት፣ ቀጥሎ ቢቸናን፣ በመጨረሻ ፊልሙን ንገራቸው። ይቆጣሉ። ቁጣቸው ሳይበርድ ተነሥተህ እንዳትወጣ።