ጠይቁ እንመልስ፦ መቀስ፣ ኮላና የሠርግ ፎቶ

ሰሞኑን ስለ ኮላዥ፣ ማለትም ወረቀትና ፎቶ ቆራርጦ እየለጠፉ ስለሚሠራ ሥዕል፣ የሚጠይቁን በዝተዋል። የዛሬዎቹ ሦስቱም ከወሎ ናቸው፤ ሆን ብለን አይደለም፣ እንዲሁ ገጠመ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ነው የምኖረው። ከሥራ ስገባ የቆየ መጽሔት፣ ካላንደርና የብስኩት ካርቶን ቆራርጬ እየለጠፍኩ ሥዕል እሠራለሁ። ጓደኞቼ «ይሄ እኮ የሕፃናት የቤት ሥራ ነው፣ መሳል ስላቃተህ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ይሄ ነገር ሥነ ጥበብ ይባላል? ደግሞስ እንደኔ የሚሠራ ሰው የት ነው የሚገኘው? (ብቻዬን ነኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እነሱ የሚስቁበትን ነገር ፒካሶ በ1912 ሠርቶታል። የወንበር ሽመና የታተመበት ሙሻማ ሥዕሉ ላይ ለጠፈ፣ ዙሪያውን በገመድ ከበበው፣ በቃ። መሳል አቅቶት ነው የሚል ካለ እንግዲህ ምን ይባላል።

እኔ ግን ከፒካሶ ይልቅ የማደንቀው ጀርመናዊቷን ሠዓሊ ሃና ሆክን ነው። በርሊን ውስጥ አንድ ትልቅ አሳታሚ ቤት ተቀጥራ ለመጽሔት የጥልፍና የዳንቴል ንድፍ ትሠራ ነበር። የምትቆርጠውንም ፎቶ ከመጽሔት ነበር የምትለቅመው። በ1919 በጀመረችው ትልቁ ሥራዋ የጀርመኑን የጦር አዛዥ የማርሻል ሂንደንበርግን ጭንቅላት ቆርጣ የሴት ዳንሰኛ ገላ ላይ ገጠመችው፤ ጀርመን ተሸንፋ፣ ንጉሡ ከዙፋን ወርዶ፣ አገሩ በተዘባረቀበት ሰዓት ማለት ነው። በ1920 ዳዳ የሚባለው የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ ጓደኞቿ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ ሁለቱ እሷ እንዳትገባ ተቃውመው ነበር። ገባች። ስለዚህ ጓደኛ ሳቀብኝ ብለህ መቀስህን አታስቀምጥ።

ከቅርብ አምጣ ካልከኝ ደግሞ የናይሮቢ ልጅ ዋንጌቺ ሙቱ አለችልህ፤ የድሮ የሕክምና መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ከመጽሔት የቆረጠችውን ዓይንና ከንፈር ለጥፋ የሴት ፊት አውጥታበታለች፣ ስታየው ያስደነግጣልም ያምራልም። የኛው ኤልያስ ስሜ ወረቀቱንም ትቶታል። የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ማዘርቦርድ ከመርካቶ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ሰሌዳ ላይ በመደዳ ይደረድረዋል። ራቅ ብለህ ስታየው ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ነው የሚመስለው። አዲስ አበባ ከሄድክ እሱና መስከረም አሰግድ በ2019 የከፈቱትን ዞማ ሙዚየምን ሳታይ አትመለስ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ኮላዥ ሠሪዎች ከሚተዋወቁበት መንገድ አንዱ ወረቀት መላላክ ነው። ሬይ ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ለሰው በፖስታ የተጀመረ ነገር ይልክና «ጨምርበትና መልስልኝ» ይል ነበር። ተቀባዩ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በዓይን የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቡድን ሆኑ። ልማዱ ዛሬም አለ። የዓለም የኮላዥ ቀን የሚባልም አለ፤ ሞንትሪያል ያለ የኮላዥ መጽሔት በ2018 ያስጀመረው ሲሆን በየዓመቱ በሜይ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በኛ ግንቦት መግቢያ ላይ ይውላል።

አንተ ግን ማኅበር፣ ማኅተም፣ ሊቀ መንበር ምናምን ውስጥ አትግባ። ሁለት ሰው ይበቃል። ከታች የጻፈችልን የኮምቦልቻዋ ልጅ የሐረጎን ዳገት ወርደህ ነው ያለችው። ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ እናገናኛችኋለን። ቁርጥራጭህን ኤንቨሎፕ ውስጥ አድርገህ በሚኒባስ ረዳት ላክላት፣ ጨምራበት ትመልስልህ። አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ሌላው የለጠፈውን መንቀል ክልክል ነው፣ ላዩ ላይ መለጠፍ ግን ይቻላል። ጭቅጭቁ ራሱ ያስቃል።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ስለጥፈው ይሸበሸብብኛል፣ ጋዜጣው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ይሆናል። ምን ላድርግ? የዘፋኞች ፎቶ ያለበትን ካፌ ሰቅዬ ብሸጥስ እከሰሳለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኮላ አብዝተሻል። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ አንዱ ጥግ ቀድሞ ሲደርቅ ነው የሚጨማደደው። ነጩን ኮላ በብሩሽ ስስ አድርገሽ ወረቀቱንም የሚለጠፍበትንም ቀቢ። ከመሃል ወደ ዳር በቆየ የባንክ ካርድ እየገፋሽ አየሩን አስወጪ። ከዚያ ፌስታል አልብሺውና ከባድ መጽሐፍ ጭነሽበት ይደር። ካርቶኑ ከተጣመመ ጀርባውም ላይ ወረቀት ለጥፊ፣ ሁለቱ ወገን እኩል ይሳሳባል። እናቶቻችን ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የሚለጥፉበት የዱቄት ሙጫም ይሠራል፤ ርካሽ ነው፣ ግን አይጥም ሻጋታም ይወደዋል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይደርቅልሻል። ለደሴው ጓደኛችን ግን በክረምት፣ በዚያ ጉምና ብርድ፣ አልመክርም።

ጋዜጣ ርካሽ የእንጨት ወረቀት ነው፤ ውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው መልኩ ይቀየራል። ፎቶ ኮፒ አስነሥተሽ ኮፒውን ቁረጪ። ማሽኑ በዱቄት ቶነር የሚያትም ይሁን፣ በፈሳሽ ቀለም የታተመው ኮላ ሲነካው ይለቃል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ቤትሽ ለሰቀልሽው ማንም አይመጣብሽም። ልትሸጪ ከሆነ ግን ፎቶ አንሺውን አስፈቅጂ፣ ወይም ራስሽ ያነሣሽውን ተጠቀሚ። ቆራርጬዋለሁ ማለት ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ ሐይቅ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ ኮላዥ ነው ብላ የሠርግ ፎቶዬን ቆርጣ አባቷን ውሃው ላይ አቆመችው፣ እኔን ግመል ላይ አስቀመጠችኝ። ልቆጣት ወይስ ዝም ልበል? (እናት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ እትዬ፣ ትንሽ ይቆጧት። ሳያስፈቅዱ የሰው ሠርግ አይቆረጥም። ኔጋቲቩ ካለ ፎቶ ቤት ወስደው ሌላ ያሳጥቡ፣ ከሌለም ቁርጥራጩን አይጣሉት፣ ጎበዝ ፎቶ ቤት በኮምፒውተር ሊገጣጥመው ይችላል። ከእንግዲህ ዋናው ፎቶ አይነካም፣ ኮፒ ነው የሚቆረጠው በሏት። ከልብስ ሰፊ ደጅ የወዳደቀ ጨርቅ፣ የሻይ ቅጠል ማሸጊያና ያለፈ ዓመት ካላንደር በካርቶን ቢያጠራቅሙላት ደግሞ አልበምዎ ያርፋል። ግን እትዬ፣ ግመሉን ሳናይ እንዴት እንተኛለን? እርስዎም አባቷም ከፈቀዳችሁ ፎቶ አንሥታ ትላክልን።