አባትሽን ስታዲየም ከመውሰድሽ በፊት

እህቴ፣ «የ70 ዓመት አባቴን አዲስ አበባ ስታዲየም ልወስደው ነው፤ ፀሐይ አይችልም። ጥላ ያለው መቀመጫ የቱ ጋ ነው? ጣራ ያለውን የጥላ ፎቅ ትኬት ብገዛ ይበቃል?» ብለሽ ጠይቀሻል። «ኮፍያ ያድርጉ» ብለው የመለሱልሽን አየሁ። ኮፍያ አይበቃም። እኔ አባቴን ይዤ ሄጄ የደረሰብኝን ስለማውቅ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ከትኬቱ በፊት ሰዓቱን እወቂ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይገባል፣ በዚያ ሰዓት ጥላ ያረፈበትን ያያል፣ ይቀመጣል። ጥላው ግን ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይዋ በመስቀል አደባባይ በኩል ትመጣለች። እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ናት። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ማዘንበል ትጀምራለች። ጨዋታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው። ስለዚህ ጀርባሽን ለሜክሲኮ ሰጥተሽ የምትቀመጪበትን ወገን ፈልጊ። ፊትሽን ወደ ሜክሲኮ ካዞርሽ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ዓይንሽ ውስጥ ናት። ስታዲየሙ በእድሳት ብዙ ነገሩ ተነክቷል፤ የፀሐይዋ መንገድ ግን ያው ነው።

2. ጥላ ፎቅ ስሙ እውነት ነው፣ ጣራ አለው። ግን ሁሉም ረድፍ እኩል አይጠለልም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ፊት ያሉት ረድፎች ከጣራው ጠርዝ ውጭ ይቀራሉ። ወጣቱ ሜዳው እንዲቀርበው ፊት ፊቱን ይሻማል። አንቺ ወደ ኋላ ሂጂ። ደረጃ መውጣት አለ፤ አባትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ሰው ሳይበዛ ግቡና ቀስ ብለው ይውጡ።

3. ገንዘብ ለመቆጠብ ብለሽ ጣራ የሌለው ጋ እንዳትገዢ። ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ነበር፣ የሱዳን ጨዋታ። በመጀመሪያው ጨዋታ እነሱ አገር ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈናል። 2 ለ 0 ካሸነፍን ድምሩ 5 ለ 5 ይሆንና በሰው ሜዳ ባገባነው ጎል ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ እንገባለን። አባቴ ያኔ 63 ዓመቱ ነው። በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ስንወስድ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ እዚያው ስታዲየም ነበር። ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሰጡ አይቷል። ልጅ ሆነን ስንት ጊዜ እንደነገረን አልቆጥረውም። «እኔ ሳልሞት አንድ ቀን እንደገና» ይል ነበር። እንዴት አልወስደውም?

ጥላ ፎቅ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰው ጠቁሞኝ ነው። አባቴ አጠገቤ ቆሟል። ለትልቅ ሰው ነው፣ ፀሐይ አይችልም አልኩ። መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። «ፀሐይ የማይችል ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ይይ» አለ። አባቴ እጄን ያዘና «ተወው፣ እንሂድ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚያሳዝነው ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ጥላ ፎቅ አግኝቼ ነበር። ዋጋው ከበደኝና ጣራ የሌለውን ወገን ገዛሁ። ልዩነቱ የሁለት ሰው ምሳ ቢሆን ነው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገባን። ፀሐይዋ ከጀርባችን ናት፣ ደስ የሚል ሙቀት ነው። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አነጠፍኩለት። «ጥሩ ቦታ ነው» አለ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ጠዋት ከጀርባ ያለችው ፀሐይ ከሰዓት ፊት ለፊት እንደምትመጣ አላሰብኩትም።

6 ሰዓት ላይ አናታችን ላይ ሆነች። የጥቅምት ሰማይ ታውቂዋለሽ፣ አንድ ደመና የለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ ስታቃጥል አይታወቅሽም። መሀረቤን ውሃ ነክሬ አናቱ ላይ አደረግኩለት። ትንሽ ቆይቼ ስነካው ደርቋል፣ እንደ ካርቶን ተገትሯል። ሦስት ጊዜ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ላይ ነው የደነገጥኩት፣ ቅድም መጠየቁን ረስቶታል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ላቡም ቆሟል።

መጀመሪያው አጋማሽ 0 ለ 0 አለቀ። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው። ሁለት የማላውቃቸው ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በብብቱ ይዘው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አሳልፈው አወጡልን። ቦታቸውን ለቀው ነው። ውጭ አጥሩ ጥግ ጥላ አግኝቼ አስቀመጥኩት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። ነፍሱ መለስ ስትል ስታዲየሙ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ሬዲዮ የያዘ ጥበቃ «አዳነ! አዳነ ግርማ!» እያለ ዘለለ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጮኸ። ሁለተኛውን ጎል ሳላዲን ሰይድ አገባ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከ50 ዓመት በላይ የጠበቀውን ቀን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ በጆሮው ሰማው። የሁለት ሰው ምሳ ለመቆጠብ ብዬ!

ሌላው፣ ጃንጥላ አትያዢ። ከኋላ ያለው ሰው ይጋረድበታል፣ ትጣያላችሁ። ነጠላ ይሻላል፤ አናትንም አንገትንም ይሸፍናል። ምሳ አብልተሻቸው ግቢ፣ ባዶ ሆዳቸውን እንዳይቀመጡ።

4. በ2008 መልሼ ወሰድኩት። የሊግ ጨዋታ ነበር፣ በ9 ሰዓትና በ11 ሰዓት ሁለት ጨዋታ። ብዙ ሰው የሌለበትን ቀን መረጥኩ፤ አንቺም ከቻልሽ መጀመሪያ ትልቅ ጨዋታ አይሁን። በባቡር መጥተን ስታዲየም ጣቢያ ወረድን፣ የሚራመደው ትንሽ ነው። ጥላ ፎቅ፣ ከኋላ ረድፍ፣ መውጫው አጠገብ። ፀሐይ አንዲት ጊዜ አልነካችውም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ደስ ይለኛል።

ግን እዚያም አንድ ነገር ልስት ነበር። ጥላ ውስጥ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ይበርዳል። 11 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተነሳ። ፀሐይ ላይ ያሉት ሰዎች ሸሚዛቸውን አውልቀው ይጨፍራሉ፣ እኛ ጋ ሰው እጁን ያሻሻል። እናቴ ጠዋት በግድ ያስያዘችኝን ጋቢ አውጥቼ አለበስኩት። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሁለተኛውን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፊሽካ አየ። ሲያልቅ «ትንሽ እንቆይ» አለኝ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሜዳው ባዶ እስኪሆን ቁጭ ብለን ቆየን። በ1954 የት ተቀምጦ እንደነበር በጣቱ አሳየኝ። ፀሐይ ላይ ነበር፣ ጣራ የሌለው ጋ።

ጋቢ ያዢላቸው እህቴ። ቀኑን ስትቆርጪ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የጨዋታውን ሰዓት አይቼ በየትኛው በኩል ብትቀመጡ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።