«ልጄን በቃል ‹አላለፍክም› አሉት፤ ወረቀት ግን አልሰጡትም»

ይህ ጥያቄ የመጣው ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። የጻፉልኝ አባት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ልጄ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቋል። ለአብራሪነት ሥልጠና ተወዳድሮ የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፈ። ጤና ምርመራው ላይ ‹የቀለም ዕይታህ ችግር አለበት፣ አላለፍክም› ብለው በቃል አሰናበቱት። ወረቀት አልሰጡትም። ልጁ ከእኔ ጋር በርበሬ ሲለቅም ያደገ ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት አቅቶት አያውቅም። አሁን አንድ ሰው ‹ሌላ ክሊኒክ የጤና ወረቀት ላሠራለት› ይለናል። መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው? መክሰስስ እንችላለን?»

አባቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ያንን ወረቀት እንዳትቀበሉ። ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ማሠራትም ሆነ አውቆ መጠቀም በወንጀል ያስቀጣል። የሚጠየቀው ያሠራው ሰው ብቻ አይደለም፤ ይዞት የቀረበው ልጅም ይጠየቃል። ደግሞም አይጠቅመውም። የንግድ አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት በመደበኛው የሚያገለግለው 12 ወር ነው። ዘንድሮ በተገዛ ወረቀት ቢያልፍ፣ ከርሞ ሌላ ሐኪም ፊት ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ምርመራ ስለ ጤናው የተናገረው እውነት መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2015 የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ፈረንሳይ ተራሮች ላይ ተከስክሶ 150 ሰው አልቋል። አውሮፕላኑን ሆን ብሎ የጣለው ረዳት አብራሪው ነበር፤ ሐኪም «ለሥራ ብቁ አይደለህም» ብሎ የጻፈለትን ከአሠሪው ደብቆ ነበር። የልጅዎ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። ያነሳሁት በዚህ ሙያ ጤናን መደበቅ ለምን እንደ ቀላል ነገር እንደማይታይ እንዲገባዎት ነው።

ወደ መብቱ ልምጣ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «አላለፍክም ያለው ማን ነው?» ብዬ ነው። ሁለት በር አለ፤ የየበሩ ሕግም የተለያየ ነው። አንዱ ሠልጣኝ የሚመርጠው ድርጅት ነው። ሌላው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ለአብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት የሚሰጠው እሱ ነው፤ ምርመራውንም የሚያደርጉት እሱ የሰየማቸው ሐኪሞች ናቸው። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ልጅዎን የመለሰው ድርጅቱ ነው። የድርጅቱ «አይሆንም» የባለሥልጣኑ «አይሆንም» አይደለም። ብዙ ወጣት ሁለቱን አንድ አድርጎ ያይና ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል።

የቀለም ነገር በሕጉ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎ። መነሻው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ነው፤ አኔክስ 1 ይባላል። ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት። ለንግድ አብራሪ የሚፈለገው ክላስ 1 የሚባለው ምስክር ወረቀት ነው። የቀለም ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በነጠብጣብ ውስጥ የተደበቀ ቁጥር በማንበብ ይጀመራል፤ ኢሺሃራ የሚሉት ነው። መጽሐፉ በቀን ብርሃን ወይም ለዚያ በተወሰነ መብራት ሥር መነበብ አለበት። በቢጫ አምፖል ሥር ተነብቦ ከሆነ ውጤቱ ያጠራጥራል። ልጅዎን የት ክፍል፣ በምን መብራት እንደመረመሩት ይጠይቁት፤ አሁኑኑ በወረቀት ያስፍረው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ይወቁ። በኢሺሃራ መውደቅ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። በዚያው መስፈርት መሠረት ቁጥሮቹን ማንበብ ያቃተው ሰው፣ ለበረራ የሚያገለግሉትን ቀለሞች በቀላሉ ከለየና የአቪዬሽን መብራቶችን በትክክል ካወቀ ብቁ ነው ይባላል። ስለዚህ ሁለተኛ ምርመራ መጠየቅ ልመና አይደለም። መስፈርቱ ራሱ ያስቀመጠው መንገድ ነው።

በርበሬውን ማንሳትዎ ልቤን ነካው። ማስረጃ ግን አይሆንም። የቀለም ዕይታው በመጠኑ የደከመ ሰው ቀዩን በርበሬ በድምቀቱ፣ በቅርጹና በልማድ ሊለየው ይችላል፤ ራሱም ሳያውቀው ያድጋል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ በውርስ የሚመጣ ነው፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። ሌሊት የሚያርፍ አብራሪ ግን አብዛኛውን የሚመራው የመብራት ቀለም ነው። የሌላው አውሮፕላን ግራ ክንፍ ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ ያበራል። የመንደርደሪያው መግቢያ አረንጓዴ፣ መጨረሻው ቀይ ነው። ሁለተኛውም ምርመራ ካልሆነለት ውጤቱን ተቀበሉት ብዬ የምመክረው ለዚህ ነው።

አሁን የመጀመሪያው በር። ድርጅቱን «ለምን አልመረጥከውም» ብሎ መክሰስ ከባድ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 ብቃት ያለውን ሰው ከአድልዎ ይጠብቃል፤ የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ሲሆን ግን ይተወዋል። ውጤቱን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ የጤና መረጃም በውስጡ አለ። በቃል ብቻ የተነገረውን በጽሑፍ የሚያስወጣላችሁ ይህ አዋጅ ነው።

ከዚያ ልጁ ራሱ ባለሥልጣኑ በሰየመው ሐኪም ዘንድ ለክላስ 1 ይመርመር። ወጪው በእሱ ነው። ብቁ ከተባለ ወረቀቱን ይዞ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ይወዳደራል። ባለሥልጣኑ ብቁ አይደለህም ካለ ደግሞ የአስተዳደር ውሳኔ ስለሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ይገዛዋል። ውሳኔው ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ቅሬታው መጀመሪያ በዚያው በመሥሪያ ቤቱ ይታያል፤ ቀጥሎ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወረዳ ወይም ዞን ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ጊዜና ገንዘብ አታባክኑ። የጊዜ ገደብም ስላለው ውሳኔው በእጁ በገባ ሳምንት ጠበቃ ያማክር። ፍርድ ቤቱ የልጁን ዓይን አይመረምርም። የሚያየው ውሳኔው ሕጉን ተከትሎ መሰጠቱን ነው። ሁለተኛውን ምርመራ ከልክለውት ከሆነ ጠንካራው መከራከሪያችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዳይከፋዎ። ልጅዎ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ነው። የሕክምና ውጤቱ የእሱ ምስጢር ስለሆነ እርስዎ ሄደው ቢጠይቁ አይሰጡዎትም፤ ባለመስጠታቸውም ልክ ናቸው። ደብዳቤውን እሱ ይጻፍ፣ እሱ ይፈርም። ወይም ውልና ማስረጃ ሄዶ ለእርስዎ ውክልና ይስጥ።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። «በዚህ ቀን የተደረገልኝ የጤና ምርመራ ሙሉ ውጤት፣ የወደቅሁበት ምርመራ ዓይነትና የመርማሪው ሐኪም አስተያየት ቅጂ እንዲሰጠኝ፤ ሁለተኛ የቀለም ምርመራም እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ» ካለ ይበቃል። በሁለት ቅጂ ያዘጋጀው። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርግ፤ በእጁ በሚቀረው ላይ ደግሞ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ሳያስደርግ ከዚያ አይውጣ።