ለ93 የተሠራ ታይሚንግ በ91 ቤንዚን

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? 2005 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ነው የምነዳው። ቨርጂኒያ እያለሁ በ93 ኦክቴን ቤንዚን ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አሠርቼው ነበር። አሁን ዴንቨር ገባሁ፣ እዚህ የማገኘው 91 ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ አለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መርገጡን አቁም! እሱ ድምፅ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ቤንዚንና አየር በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው፤ የኦክቴን ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ቤንዚኑ ይህን የመቋቋም አቅሙ ያንሳል። ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ፒስተን ይሰብራል። ተርቦው አየሩን ባጨቀ ቁጥር ሙቀትና ግፊት ይጨምራል፣ ዴንቨር ደግሞ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ተርቦው የበለጠ ይለፋል፣ አየሩንም የበለጠ ያሞቀዋል። ኮምፒውተሩ ድምፁን ሲሰማ ታይሚንጉን በራሱ ያዘገያል፣ ግን በሱ ብቻ አትተማመን።

ለ91 እንደገና አሠራው። ባለሙያው ተርቦው በሚገፋበት ቦታ ታይሚንጉን ሁለት ሦስት ዲግሪ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማዕዘን) አዘግይቶ ይጀምር፣ ከዚያ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ እያስቀደመ ይሞክር። ጉልበት መጨመሩ ካቆመ፣ ድምፅ ባይኖርም እዚያው ይቁም። ከመጠን በላይ ማዘግየትም ጥሩ አይደለም፤ የጭሱ ሙቀት ይጨምርና ተርቦውን ይጎዳዋል። እስከዚያ ቀስ ብለህ ንዳ።