ትራይፎርስ የት ነው ያለው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ዜልዳ ጌሞች ከሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ቅዱስ ዕቃ ላይ ነው፤ አማልክቱ የጌሞቹን አገር ሃይሩልን ፈጥረው ሲሄዱ ትተውት በሄዱት፣ የነካውን ሰው ምኞት በሚፈጽመው የወርቅ ሦስት ማዕዘን፣ በትራይፎርስ ላይ። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጌሞቹን ያልጨረሰ አንባቢ መጨረሻቸው እዚህ እንደሚነገር ይወቅ።

ጥያቄ፦ ኦካሪና ኦቭ ታይምን ጨርሻለሁ። 100ዎቹን የወርቅ ሸረሪቶች ገድያለሁ፤ 36ቱን የልብ ቁራጮችም ሰብስቤያለሁ። ትራይፎርሱን ግን የትም አላገኘሁትም። አንዱ ጓደኛዬ ሯጩን ሰውዬ ከቀደምከው ይሰጥሃል ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ዞራ የተባሉት የውሃ ሰዎች መንደር ላይ ያለውን በረዶ ማቅለጥ አለብህ ይላል። የማንኛቸው ነው ትክክል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሁለቱም አይደለም። ሯጩ ከጌሩዶ ሸለቆ እስከ ሎስት ውድስ ድልድይ ይወዳደርዎታል፤ ምንም ያህል ቢፈጥኑ ግን በአንድ ሰከንድ ቀድሞዎት ይገኛል። ሩጫው እንዲሸነፍ ተደርጎ አልተሠራም። ከዚህ ሰውዬ የሚገኝ ጥቅም ካለ የምንጫወተው ጀግና ሊንክ ልጅ ሳለ ነው፤ ያኔ የጥንቸል ጆሮ ያለውን ኮፍያ ሲሸጡለት ቦርሳዎ እስኪሞላ ይከፍላል።

በረዶውም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ዞራን በሰማያዊ እሳት ነጻ ማውጣት ይቻላል። የውሃውን ቤተ መቅደስ ሲጨርሱ የሃይሊያ ሐይቅ ይሞላል። የዞራዎቹ መንደር ግን ሊንክ ጎልማሳ በሆነበት ዘመን እስከ መጨረሻው እንደ በረደ ይቀራል። ሐይቁ ሞልቶ መንደሩ ሳይቀልጥ መቅረቱ ያላለቀ ሥራ ስለሚመስል ብዙ ተጫዋች ምስጢር አለበት ብሎ ዓመታት ፈልጓል።

የሰበሰቧቸው ነገሮች ደግሞ ሒሳባቸው የተዘጋ ነው። 36 የልብ ቁራጭ ለአራት ሲካፈል 9 ልብ ይሆናል፤ ሲጀምሩ ከነበሩት 3ና ከትልልቆቹ ጭራቆች ከሚገኙት 8 ጋር ሲደመር 20 ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የሚከፈት ነገር የለም። የሸረሪቶቹ ሽልማት በ10፣ በ20፣ በ30፣ በ40፣ በ50 እና በ100 ይሰጣል፤ የመጨረሻው 200 ሩፒ (የጌሙ ገንዘብ) ነው። ተመልሰው በመጡ ቁጥር ይደገምልዎታል፤ ይሁንና ትልቁ ቦርሳ ከ500 በላይ አይዝም። መቶ ሸረሪት ላደነ ሰው ሽልማቱ ማነሱን እኛም እንስማማለን፤ «ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ» የሚለው ወሬ ጉልበት ያገኘውም ከዚሁ ነው።

ወሬውን ያጠነከሩት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ጌሙ በ1998 ከመውጣቱ በፊት በታተሙ ፎቶዎች ላይ ሊንክ ትራይፎርሱ ፊት ቆሞ ይታይ ነበር። ፎቶዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ የተነሡት ግን ጌሙ ገና በሥራ ላይ ሳለ ነው፤ ያ ትዕይንት ካሴቱ ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው የሜኑው ገጽ ነው። በጌሙ የሚሰበሰቡት ስድስቱ ሜዳልያዎች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ሰዎች ይህን ባዶ ቦታ የትራይፎርሱ ማስቀመጫ ነው አሉት። ጥቂት ቆይቶ በሐሰት የተሠሩ ስክሪንሾቶች መጡ፤ በጌሙ ውስጥ የሌለ «የጠቢባን መክፈቻ» የተባለ ዘፈንም ተወራ። ጌሙ የሚያስተምረው ዘፈን 12 ነው፤ ከልጅነት 6፣ ወደ ቤተ መቅደሶቹ የሚወስዱ 6። ከነዚህ ውጭ ያለው እርስዎ ራስዎ የሚፈጥሩት የወፍ ማስፈራሪያው ዘፈን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መልሱን ጌሙ ራሱ ይናገረዋል። ወደ መጨረሻው ቤተ መንግሥት ከመግባትዎ በፊት ሊንክን በየመንገዱ የሚመራው ሺክ በዘመን ቤተ መቅደስ የሚናገረውን ሳይዘልሉ ያንብቡት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ትራይፎርሱን የነካው ሰው ልብ ኃይልን፣ ጥበብንና ድፍረትን በእኩል ካልያዘ ዕቃው ለሦስት ይከፈላል፤ ለነካው የሚቀረው በጣም የሚያምንበት ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ዕጣ ወደ መረጣቸው ሰዎች ይሄዱና በእጃቸው ጀርባ ላይ ምልክት ይሆናሉ። የጌሙ ክፉ ጠላት ጋነንዶርፍ ነካው፤ ኃይል ቀረለት። ጥበብ ለልዕልት ዜልዳ፣ ድፍረት ለሊንክ ደረሰ። ስለዚህ የሚፈልጉት ዕቃ ሲሶው ገና ድሮ በእጅዎ ነው። ሣጥን ከፍተው ሙሉውን ቢያገኙት ኖሮ ጋነንዶርፍ ለምን ዜልዳን እንደ ጠለፈ የሚያስረዳ ነገር አይኖርም ነበር፤ የሚፈልገው ሁለቱን ክፍሎች ነውና።

ጥያቄ፦ በእውነተኛ ኒንቴንዶ 64 ላይ፣ ምንም ባልተነካካ ካሴት ትራይፎርሱን ሲያገኙት የሚያሳይ ቪዲዮ አይቻለሁ። አይገኝም ካላችሁ ይህ ሐሰት ነው? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ሐሰት አይደለም፤ ግን የሚያረጋግጠው ነገር ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ያዩት ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በ2022 በተካሄደው፣ ጌሞችን በፍጥነት በመጨረስ በሚታወቀው ሰመር ጌምስ ደን ክዊክ ላይ የቀረበው መሆን አለበት፤ ዝግጅቱ የነበረውም እዚያው እናንተ ዘንድ በሚኒሶታ ነው። ጆይስቲኩን የተጫነው አስቀድሞ የተዘጋጀለትን የቁልፍ ቅደም ተከተል የሚጫን ታስቦት የተባለ መሣሪያ ነው። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እናስረዳ።

ሊንክ አንድ ነገር ሲያነሣ ጌሙ የዚያን ነገር የሚሞሪ አድራሻ መዝግቦ ይይዛል። በትክክለኛው ቅጽበት አዲስ ቦታ እንዲጫን ከተደረገ ዕቃው ከሚሞሪ ይሰረዛል፤ ሊንክ ግን አሁንም እንደያዘው ይቆጠራል። ቤቱን የለቀቀ ተከራይ ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ ደብዳቤው ለአዲሱ ተከራይ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ጌሙ በየፍሬሙ (በሚያሳየው በእያንዳንዱ ምስል) የዕቃውን ቦታና አቅጣጫ በዚያው አድራሻ መጻፉን ይቀጥላል። አሁን ግን እዚያ የተቀመጠው ሌላ ነገር ነው። ሊንክ የዞረበት አቅጣጫ ለጌሙ ቁጥር ነው፤ ሙሉ ዙሩ በ65,536 ይከፈላል። ስለዚህ በትክክለኛው አቅጣጫ መቆም ማለት የሚፈልጉትን ቁጥር ሚሞሪ ላይ መጻፍ ማለት ነው።

የሚጻፈው ቁጥር ኮንሶሉ ቀጥሎ ወዴት ሄዶ ትእዛዝ እንደሚያነብ ይለውጣል። ኮንሶሉም ተጫዋቹ ራሱ የሞላው ነገር ወዳለበት ቦታ ይላካል፤ ለምሳሌ ስምንት ፊደል ወደሚይዘው የሴቭ ስም፣ ወይም ጆይስቲኩ በዚያች ቅጽበት ወደሚያሳየው ሁኔታ። የኒንቴንዶ 64 ጆይስቲክ አንዴ ሲነበብ 4 ባይት ይሰጣል፤ አራቱም ሲሰኩ 16 ባይት ይሆናል። ጌሙ በሰከንድ 20 ፍሬም ስለሚሠራ በየፍሬሙ አንዴ ብቻ ቢነበብ በሰከንድ 320 ባይት ነው፤ ይህ ለሥዕልና ለሙዚቃ አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገባው ትንሽ ፕሮግራም ጆይስቲኮቹን ደጋግሞ የሚያነብ ይሆናል፤ የቀረው ሁሉ በዚያ በኩል ይፈስሳል። እስከዚህ ያለውን የሰው እጅ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ፍጥነት ግን ከሰው ጣት በላይ ነው።

እቤት ለመሞከር የሚያስቡ ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አቅጣጫው በአንዲት ቁጥር ከተዛባ ጌሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የካሴቱ እትም ሌላ ከሆነ፣ ማለትም ለ1.0 የተሠራውን በ1.2 ላይ ከሞከሩ፣ አድራሻዎቹ ስለሚለያዩ አይሠራም። ኢሙሌተር (ኮንሶሉን አስመስሎ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማከማቻ እንደ እውነተኛው ካልተመሰለ፣ ኮንሶሉ ላይ የሠራው እዚያ ይከሽፋል። በ2011 ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ የወጣው እትም ኮዱ ሌላ ስለሆነ በዚህ መንገድ ጨርሶ አይነካም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። በቪዲዮው የታየው ትዕይንት በ32 ሜጋባይቱ ካሴት ውስጥ ተደብቆ የኖረ አይደለም፤ በጆይስቲክ ቀዳዳ ከውጭ የገባ ነው። ኮንሶሉ ጠፍቶ ሲበራ ካሴቱ እንደ ነበረው ነው፤ ሊጻፍበት አይችልምና። የትራይፎርሱ ምስል በካሴቱ ውስጥ መኖሩም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ በጌሙ ውስጥ የሚናገረው የዴኩ ዛፍ ስለ ፍጥረት ሲተርክ የምናየው ያው ምስል ነውና። እኛ ይህን ሥራ የምናደንቀው የድሮውን ወሬ እውነት ስላደረገ አይደለም፤ በልጅነታቸው ሲፈልጉት የኖሩትን ትዕይንት ሰዎቹ ራሳቸው በእውነተኛው ኮንሶል ላይ ሠርተው ስላሳዩ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተጫዋቹ ትራይፎርሱን በእጁ የሚሰበስብበት ጌም የትኛው ነው? (ከሪያድ)

መልስ፦ ብዙ አሉ። ድካሙ የሚታወቀው ግን ዊንድ ዌከር ነው። እዚያ የድፍረት ክፍል ስምንት ቦታ ተሰባብሮ ባሕር ውስጥ ሰምጧል። ለእያንዳንዱ ስባሪ ካርታ ይገኛል፤ ካርታው አይነበብም፤ የሚፈታው ቲንግል የተባለ ሰው ነው፤ በአንድ ካርታ 398 ሩፒ ያስከፍላል፤ ለስምንቱ 3,184 ሩፒ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቦርሳ 200 ብቻ ስለሚይዝ አንዱን እንኳ አያስፈታም። ወደ 1,000 ካሳደጉት በአንድ ጉዞ ሁለት ካርታ ያስፈታሉ፤ 5,000 የሚይዘውን ካገኙ ግን ስምንቱን ባንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። ገንዘቡን በፍጥነት የሚያስገኘው ከሌሎቹ የሀብት ካርታዎች የሚወጣው 200 የሚያወጣ ብርማ ሩፒ ነው፤ ስለዚህ ቲንግል ጋ ከመሄድዎ በፊት እነሱን ያውጡ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ካርታውን ሳይከፍቱ መንጠቆ ቢጥሉ ምንም አይወጣም። ከትራይፎርስ ካርታዎቹ አንዱ ያለባት የሙት መርከብ ደግሞ የራሷን ካርታ ካልያዙ ብትታይም ልትገቡባት አትችሉም፤ የምትታየውም በሌሊት፣ ጨረቃዋ በምትወስነው ቦታ ነው። ሦስተኛው ወደ ታች እየተዋጉ የሚወረድበት የሳቬጅ ላቢሪንት ነው፤ ካርታው ያለው ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነ እስከ ታች መውረድ ግዴታ አይደለም። በ2013 በወጣው የኤችዲ እትም አምስቱ ስባሪዎች ያለ ካርታ በቀጥታ ስለሚገኙ የሚፈታው ሦስት ብቻ ነው፤ ያኛውን ያልጨረሰ ሰው ይህን ቢጫወት ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ይህን ሁሉ ከሰበሰቡ በኋላ ግን የሚመኘው ሊንክ አይደለም። የሃይሩል ንጉሥ ዳፍነስ ከጋነንዶርፍ ቀድሞ ትራይፎርሱን ይነካውና አሮጌው ሃይሩል በባሕር እንዲጠፋ፣ ለልጆቹ ተስፋ እንዲቀር ይመኛል። ሊንክ ራሱ ሙሉውን ነክቶ የሚመኝበትን ለማየት ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስትን ወይም ስካይዋርድ ሶርድን ይጫወቱ።

ጥያቄ፦ የ1986ቱ የመጀመሪያ ጌም ውስጥ ሁለት ትራይፎርስ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው የት ነበር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ገና አልተጻፈም ነበር። ያኔ የነበሩት ጋነን (ያው ጋነንዶርፍ) የሰረቀው የኃይል እና ዜልዳ ስምንት ቦታ ከፋፍላ የደበቀችው የጥበብ ትራይፎርስ ናቸው። የድፍረቱ በ1987 በሁለተኛው ጌም መጣ፤ ታሪኩም የጥንት ንጉሥ በታላቁ ቤተ መንግሥት ደብቆት ነበር፣ ምልክቱም በሊንክ እጅ ላይ ወጣ ይላል።

ጥያቄ፦ በቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም ያሉት ምስጢራዊ ድንጋዮች የተሰባበረው ትራይፎርስ ናቸው የሚል ክርክር በቡድናችን ተነሥቷል። ምን ትላላችሁ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ አይመስለንም። የምንመዝነው በሚሠሩት ሥራ ነው። ምስጢራዊ ድንጋይ የያዘውን ሰው የራሱን ኃይል ያጎላል፤ ከዋጠው ደግሞ ዘንዶ ሆኖ ማንነቱን ያጣል። ትራይፎርስ ግን ምኞት ይፈጽማል፤ ደግና ክፉ አይለይም፤ ማንንም ዘንዶ አድርጎ አያውቅም። ሲከፈልም ለሦስት ክፍል፣ ክፍሉም ለስምንት ስባሪ ሲሆን ነው ያየነው፤ በየትኛውም መልኩ ቅርጹ የሦስት ማዕዘን ነው።

ትራይፎርሱ በዚያ ዘመን መኖሩን የሚያሳይ ግን ከሱ በፊት በወጣው ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ላይ አለ። ዜልዳ ሊንክን ጋርዲያን ከተባሉት የጦር ማሽኖች ለማዳን እጇን ስትዘረጋ የትራይፎርሱ ሦስት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች እጇ ላይ ያበራሉ። ያን ትዝታ ከፍታችሁ እጇ ላይ አቁማችሁ እዩት። ተሰብሮ ጠፍቷል የሚል ሰው ደግሞ ኤ ሊንክ ቢትዊን ወርልድስን ይመልከት። የሃይሩል ትይዩ ዓለም የሆነችው የሎሩል ሰዎች ጦርነት ለማስቆም ብለው የራሳቸውን ትራይፎርስ አጠፉት፤ አገሩ ግን አልቆመም፤ መሬቱ እየተሰነጠቀ ወደ ገደል ገባ። በቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም የምናየው ሃይሩል ግን ከጉዳቱ እያገገመ ያለ አገር ነው፤ ስለዚህ ትራይፎርሱ ጠፍቷል ለማለት ያስቸግራል።