ይታገድ ወይስ ይሞገት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለት ሺህ ገደማ አባላት ያሉት የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳድራለሁ። አንድ ሰው በሌላ እምነት ተከታዮች ላይ ክፉ ነገር በጻፈ ቁጥር ግሩፑ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «አድሚን የት ሄደ? አጥፋው እንጂ!» ሲል፣ ሌላው «ተወው፣ በሐሳብ ይረታ» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ። የሚጣሉት ስለ ተለያየ ጽሑፍ እያወሩ ስለ አንድ ጽሑፍ የሚያወሩ ስለሚመስላቸው ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን እንያቸው። «የእነዚህ ሰዎች አስተምህሮ የተሳሳተ ነው።» «እነዚህ ሰዎች ሁሉም አታላዮች ናቸው።» «ነገ ከሰዓት እዚያ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ እንዳይወጡ እናድርግ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰው ቢያስቆጣም ሐሳብ ነው፤ በሐሳብ ይመለሳል። ካጠፉት ጸሐፊው «መልስ ቢያጡ አጠፉት» ብሎ ያተርፍበታል። ሦስተኛው ሰዓትና ቦታ ይዟል፤ ተከራክረው እስኪረቱት ድረስ ነገ ከሰዓት ይደርሳል። እሱን ስክሪንሾት ያንሱ፣ ያጥፉ፣ ሰውየውን ከግሩፑ ያስወጡ፣ ዛቻው የምር ከመሰለዎት ለሕግ አካል ያሳውቁ። ቅደም ተከተሉን አያዛንፉ። ብዙ አድሚን ደንግጦ መጀመሪያ ያጠፋና ማስረጃ ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ቴሌግራም ለአድሚኖች የሚያሳየው የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብም ቢሆን የሚቆየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው።

ራስ የሚያዞረው መካከለኛው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ንግግር የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በሞሮኮዋ ራባት ስድስት መመዘኛዎች አስቀምጠዋል፦ ጊዜውና ሁኔታው፣ ተናጋሪው ማን ነው፣ ምን አስቦ ነው፣ ምን አለ እንዴትስ አለው፣ ምን ያህል ሰው ዘንድ ይደርሳል፣ የሚፈራው ነገር የመድረስ ዕድሉስ ስንት ነው። የተዘጋጁት በወንጀል የሚያስጠይቀውን ቅስቀሳ ለመለየት ስለሆነ ደፋቸው ከፍ ያለ ነው። ለአድሚን ግን እንደ ጥያቄ ዝርዝር ሆነው ያገለግላሉ። «ሁሉም አታላዮች ናቸው» የሚለውን አንድ የማይታወቅ አባል ነገር ረገብ ባለበት ሳምንት ቢጽፈውና ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ጠብ በተነሳ ማግስት ቢጽፈው፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም ጽሑፉ አንድ አይደለም። እኛ የመጀመሪያውን ትተን መልስ እንጽፍበታለን፤ ሁለተኛውን ያለ ማመንታት እናነሳዋለን።

ይህ ፍርድ እንደ አድሚኑ ስሜት እንዳይለዋወጥ ደንቡን አስቀድመው ጽፈው ፒን ያድርጉ። አራት መስመር ይበቃል፦ ዛቻ አይቻልም፤ የሰው ስልክና አድራሻ ማውጣት አይቻልም፤ ጥቃት መጥራት አይቻልም፤ ሰውን በእንስሳ ወይም በበሽታ መጥራት አይቻልም። «ጨዋ እንሁን» የሚል ደንብ ግን አይጻፉ፤ እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይተረጉመዋል። ቅጣቱም ይታወቅ፤ በመጀመሪያው ጥፋት ጽሑፉ ይነሳል፣ በሁለተኛው ሰውየው ለ24 ሰዓት እንዳይጽፍ ይደረጋል፣ በሦስተኛው ይወጣል። ዛቻና ጥቃት መጥራት ግን ተራ አይጠብቁም። ጽሑፍ ባነሱ ቁጥር «በደንብ ቁጥር 2 ተነስቷል» ብለው በግሩፑ ይጻፉ፤ የተነሳውን ቃል ግን አይድገሙት። ግሩፖችን ከምንም በላይ የሚያፈርሰው አድሚኑ የወዳጁን ስድብ አልፎ የሌላውን ማንሳቱ ነው።

ጥያቄ፦ ውሸትና ጥላቻ በብርሃን ሲታዩ ይከስማሉ ብዬ አምናለሁ። ግን መልስ በሰጠሁ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ይሰራጫል። ምን እየተሳሳትኩ ነው?

መልስ፦ እምነትዎ የቆየ መሠረት አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ እ.ኤ.አ. በ1927 የክፉ ንግግር መድኃኒቱ ዝም ማሰኘት ሳይሆን ተጨማሪ ንግግር እንደሆነ ጽፈው ነበር። ሐሳባቸውን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ግን ዳኛው ያስቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሐሰቱን በውይይት ለማጋለጥ ጊዜ ካለ ነው ያሉት። ኢንተርኔት ላይ ያ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2019 በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ቪዲዮ ማሰብ ይበቃል። በቀጥታ ሲተላለፍ ያዩት ከ200 ያነሱ ሰዎች ነበሩ። ፌስቡክ ግን በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ማንሳቱን፣ ከነዚህም ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የሚሆነውን ገና ሲጫን ማገዱን አስታውቋል።

ሁለተኛው ችግር የመድረኩ አሠራር ነው። ፖስቶችን በቅደም ተከተል የሚያቀርበው ስሌት ኮሜንትዎ ተቃውሞ ይሁን ድጋፍ አይለይም፤ «ሰው እየተነጋገረበት ነው» ብሎ ፖስቱን ለሌላ መቶ ሰው ያሳየዋል። ስለዚህ ሥሩ ገብተው አይጻፉ፤ ሼር አድርገውም «እዩልኝ ይህን ጉድ» አይበሉ። መልሱን በራስዎ ገጽ፣ ራሱን የቻለ ፖስት አድርገው ያውጡት። የግድ ማሳየት ካለብዎ ስክሪንሾቱ ላይ ስሙንና ፎቶውን ሸፍነው፣ ምስሉ ላይ «ሐሰት» ብለው በትልቁ ይጻፉበት። ከታች በጽሑፍ ማብራራት አይበቃም፤ ምስሉ ከጽሑፍዎ ተነጥሎ እንደሚዞር ይወቁ።

ሲጽፉ በእውነቱ ይጀምሩ፣ ሐሰቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንኩ፣ በእውነቱ ይዝጉ። በሐሰቱ ከጀመሩ ርእሱን ብቻ አንብቦ የሚያልፈው ሰው ይዞት የሚሄደው ሐሰቱን ነው። የሚጽፉትም ለተሳዳቢው ሳይሆን ዝም ብሎ ለሚያነበው ነው፤ ተሳዳቢው ቢረታም አያምንም። አንዴ መልሰው ይውጡ። ሦስተኛው ምልልስ ላይ ሲደርሱ ተመልካቹ የሚያየው ማስረጃ ሳይሆን ጠብ ነው።

ተሳዳቢውን ራሱን ማለዘብ ከፈለጉ ደግሞ በአዘኔታ ይቅረቡት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የዘርና የመጤ ጠል ስድብ በጻፉ 1,350 የትዊተር ተጠቃሚዎች ላይ ሦስት ዓይነት መልስ ሞክሮ ነበር፦ ቀልድ፣ «ይህን ቤተሰብህና ጓደኞችህ ያዩታል» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ እና የተሰዳቢውን ሕመም የሚያስታውስ መልስ። ለውጥ ያሳየው ሦስተኛው ነው፤ ለውጡም ትንሽ ነበር። እኛን የገረመን ቀልዱ ነው። ሁላችንም መጀመሪያ የምንመዘው እሱን ነውና።

አንድ ነገር ይጨመር። «እንከራከር» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ስድቡ ያልነካው ነው። የተሰደበው በየቀኑ ሰው መሆኑን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ይታክተውና ግሩፑን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ነው።

ጥያቄ፦ ማገድ ጥላቻን ወደ ጓዳ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሬዲት የተባለው የውይይት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2015 ወፍራም ሰዎችንና ጥቁሮችን ለመስደብ የተከፈቱ ሁለት ትልልቅ መንደሮቹን (የውይይት ቡድኖቹን) ዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ብዙዎቹ አባላት መድረኩን ለቀቁ፤ የቀሩትም የጥላቻ ቃል አጠቃቀማቸው ቢያንስ በ80 በመቶ ቀነሰ፤ በተዛወሩባቸው ሌሎች መንደሮችም ስድቡ አልጨመረም።

የለቀቁትስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ከሬዲት ተባረው የራሳቸውን ድረ ገጽ የከፈቱ ሁለት ማኅበረሰቦችን ተከትሏል። ቁጥራቸውና የሚጽፉት መጠን በጣም አሽቆለቆለ። ከሁለቱ በአንደኛው ግን የቀሩት ሰዎች ቋንቋ ይበልጥ መረረ። እገዳ ጉባኤውን ያሳንሳል፣ የቀረውን ግን ሊያከር ይችላል ማለት ነው። አላፊ አግዳሚው እንዳይነካ ከሆነ ሐሳብዎ ይሠራል፤ አክራሪው እንዲለወጥ ከሆነ አይሠራም።

በማገድና በመተው መካከል ደግሞ ብዙ የማይነገርለት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ማዘግየት። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈን መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገደበ፤ የእነዚህ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው ገልጿል። ማንም አልታገደም፣ አንድም ቃል አልጠፋም። እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህንን ዓይነቱን ነው።

ጥያቄ፦ አርባ የሚያህሉ የስድብና የዛቻ ቃላት ዘርዝሬ፣ እነሱን የያዘ ጽሑፍ በራሱ የሚያጠፋ ፕሮግራም (ቦት) ላይ አስገባሁ። ስድቡ ያልፋል፣ ጨዋው ጽሑፍ ይጠፋል። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ ፊደላችን ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ንጹሕ ቃል እንውሰድ። መጀመሪያው «ጸ» ወይም «ፀ» ነው። መካከሉ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ»፣ «ኃ» ሊሆን ይችላል። ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ አንድ ቃል በ12 መልክ ይጻፋል፤ ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ለቦቱ ግን 12 የተለያዩ ቃላት። ተሳዳቢው «ሰ»ን በ«ሠ» ለውጦ ወይም በፊደላት መካከል ነጥብ ጣል አድርጎ ያልፋል። መፍትሔው ቦቱ ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እንዲለውጥ፣ በፊደላት መካከል የገቡ ነጥቦችንም እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ቦቱን የሚሠራልዎ ሰው ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ግሡ ደግሞ የባሰ ነው። «እንግደላቸው» እና «አንግደላቸው» የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው፤ አንዱ ጥቃት ይጠራል፣ ሌላው ይከለክላል። «ግደላቸው» የሚለውን ቁራጭ ፈልግ የተባለ ቦት ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ሰምና ወርቅ ገብቶበት የተጻፈውንማ የትኛውም የቃል ዝርዝር አይዘውም። ስለዚህ ቦቱ እንዲያጠፋ ሳይሆን ለእርስዎ እንዲያሳውቅ ብቻ ያድርጉት፤ የሚያጠፋው ሰው ይሁን።

ጥያቄ፦ የተሰደብኩበትን ቃል ጠቅሼ ለመቃወም የጻፍኩት ፖስት «የጥላቻ ንግግር» ተብሎ ተነሳብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያነሳው ምናልባት ማሽን ነው፤ ማሽን ሰዳቢንና ስድብን ጠቅሶ የሚቃወምን ለመለየት ይቸገራል። በንዴት መልሰው አይፖስቱት፤ እንደ አዲስ ጥፋት ይቆጠራል። ዩቲዩብ ለምሳሌ ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በኋላ አንደኛው ቅጣት ለ1 ሳምንት፣ ሁለተኛው ለ2 ሳምንት ቪዲዮ ከመጫን ያግዳል፤ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ከሞላ ቻናሉ ይዘጋል።

የደረሰዎትን ማሳወቂያ ስክሪንሾት ያንሱና እዚያው ላይ ይግባኝ ይበሉ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ቃሉ የእኔ አይደለም፤ የጠቀስኩት ለመቃወም ነው፤ ተቃውሞዬ በዚህ መስመር ላይ ይገኛል። ስለ ነጻነት ረጅም ጽሑፍ አይላኩ፤ ገምጋሚው ጊዜ የለውም። ፌስቡክና ኢንስታግራም ይግባኙን ካልተቀበሉና የማመልከቻ ቁጥር ከሰጡዎ ጉዳዩን የኩባንያውን ውሳኔ ለሚመረምረው ተቆጣጣሪ ቦርድ ለማቅረብ 15 ቀን አለዎት፤ ቦርዱ ግን ከሚቀርቡለት የሚያየው እጅግ ጥቂቱን ነው። ለወደፊቱ የጠቀሱትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ያስገቡ፣ ተቃውሞዎን ከላይ በመጀመሪያው መስመር ያድርጉ፣ ከቃሉም አንድ ፊደል በኮከብ ይሸፍኑ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለመድረኮች ቁርጥ ያለ የጊዜ ገደብ ቢሰጥስ?

መልስ፦ ጀርመን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕጓ አቤቱታ የቀረበበትን፣ ሕገ ወጥነቱ ግልጽ የሆነ ጽሑፍ በ24 ሰዓት፣ ሌላውን በአብዛኛው በ7 ቀን ውስጥ እንዲያነሱ ትልልቅ መድረኮችን ያስገድድ ነበር፤ ቅጣቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። የተነሳበት ትችት ቀላል ሒሳብ ነው። ሳያነሱ መቅረት ያስቀጣ ነበር፣ ያለ አግባብ ማንሳት ግን አያስቀጣም ነበር። ስለዚህ የተጠራጠረ ሠራተኛ ያነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ሚዛኑን ለማስተካከል ሞክሯል፤ መድረኩ ጽሑፍ ሲያነሳ ምክንያቱን ለጸሐፊው መግለጽና የይግባኝ መንገድ ማሳየት አለበት። ከሰዓት ገደቡ ይልቅ ይህ ግዴታ ይሻላል እንላለን።

ጥያቄ፦ ነገር ሲጋጋል አስተያየት መስጫውን ጭራሽ ብዘጋውስ?

መልስ፦ ከመዝጋትዎ በፊት የቴሌግራምን ማዘግያ ይሞክሩ። አንድ አባል በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚጽፍ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት መወሰን ይቻላል። በ5 ደቂቃ ይጀምሩ። ተሳዳቢው ሁለተኛውን ስድብ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። የግድ ከዘጉም መቼ እንደሚከፍቱ ሰዓቱን ጽፈው ይዝጉ።